ዶሮን ዕንቍላል ስለ ማሳቀፍ

«ዶሮ ማሳቀፍ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?» የሚል ሰው ይኖራል። እኔም ባለፈው ዓመት እንዲሁ እል ነበር። ነገር ግን ከ12 ዕንቍላል 3 ጫጩት ብቻ ባገኘሁ ጊዜ አለማወቄን ዐወቅሁ። ዶሮዋ የእናቴ ነበረች። አንዲት ዶሮ ዐቅፋ ጫጩት እስክታሳድግ ከ2 ወር በላይ ስለማትጥል እናቴ ለቡናና ለጨው የምትሸጠውን ዕንቍላል አሳጣኋት። ስለዚህ ጀማሪ ጓደኞቼ እንዳይሳሳቱ የተማርሁትን እንደሚከተለው እገልጻለሁ።

በመጀመሪያ ዶሮዋን መምረጥ ነው። ለማቀፍ የደረሰች ዶሮ መጣሏን ትተዋለች፤ ከጎጆዋም አልነሣም ትላለች፤ ሰው ሲቀርባት ላባዋን ነፍታ ትቈጣለች። ለዚህ ሥራ የምትሻለው ያገራችን ዶሮ ናት። እንደ ቦቫንስ ብራውን ያሉት ዝርያዎች ብዙ እንዲጥሉ የተመረጡ ስለ ሆኑ የማቀፍ ጠባይ እምብዛም የላቸውም፤ ጫጩቶቻቸው የሚፈለፈሉት በመኪና ነው። ይህም ፈጽሞ አዲስ አይደለም፤ የጥንት ግብጾች በጭቃ ምድጃ ሙቀት ያስፈለፍሉ ነበር።

ሁለተኛው ዕንቍላሉ ነው። አውራ ዶሮ ካለበት ቤት የተገኘ፥ ከተጣለ ከ10 ቀን ያላለፈው፥ ያልተሰነጠቀና ያልታጠበ መሆን አለበት። ደጋን ከደሴ ይልቅ ሞቃት ስለ ሆነች እስኪታቀፍ ድረስ በቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጥ። እኔ ግን ከሱቅ የገዛሁትን፥ አውራ ያላገኘውን ዕንቍላል ቀላቀልሁ። ደግሞም ሁሉን ባንድ ቀን በማሳቀፍ ፈንታ በየቀኑ እጨምር ነበር። የፊተኞቹ በተፈለፈሉ ጊዜ ዶሮዋ እነሱን ይዛ ወጣች፤ የቀሩት በብርድ ሞቱ።

ቍጥሩ እንደ ዶሮዋ አካል ከ9 እስከ 12 ይበቃል። ጎጆዋ ጭር ባለና ደብዘዝ ባለ ጥግ፥ ጭድ በተነጠፈበት ቅርጫት ይሁን። ዶሮዋ ዕንቍላሉን ራሷ ታገላብጠዋለች፤ በቀን አንድ ጊዜ ለ20 ደቂቃ ያህል ወጥታ ትበላለች፥ ትጠጣለች። በዚህ አትደንግጡ፤ ብቻ እህልና ውሃ በቅርብ ይገኝላት።

በ7ኛው ቀን ማታ ዕንቍላሉን በባትሪ ብርሃን ፊት ማየት ነው። እንደ ሸረሪት ድር ቀያይ ሥሮች ከታዩ ሕይወት አለው፤ ጥርት ብሎ ከታየ ግን ይወገድ። የመጨረሻዎቹን 3 ቀኖች መነካካት አይገባም። በ21ኛው ቀን ጫጩቱ ቅርፊቱን ይሰብራል። ዘገየ ብላችሁ በጣታችሁ አትፈልቅቁ፤ ደም ሊፈሰው ይችላል። አስኳሉ በሆዱ ስላለ አንድ ቀን ባይበላም አይጎዳም።

ከዚያ በኋላ የተፈጨ እህል፥ ጥልቀት በሌለው ሳሕን ውሃ፥ ከጭልፊትም መጠለያ ያሻል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ፈንግል ነው፤ መንደሩን ሁሉ ይጨርሳል። ከያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ በቢሾፍቱ የሚዘጋጀው ክትባት ግን አስቀድሞ ይከላከላል። ስለዚህ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ጠይቁ።

ዘንድሮ እንደዚህ አድርጌ ከ11 ዕንቍላል 9 ጫጩት አገኘሁ። 2ቱን ጭልፊት ወሰደብኝ፤ 7ቱ አደጉ። ከነሱ 3ቱን ሽጬ ደብተር ገዛሁ፤ 4ቱን ቄቦች ለእናቴ ሰጠኋት። እሷም ስቃ፥ «አምናም ዶሮዋ ሥራዋን አላጐደለችም ነበር» አለችኝ። እውነት ነው፤ ያጐደልሁት እኔ ነበርሁ።