ጣና ውስጥ 10 ሜትር ስንት ነው?

ሰው በውሃ ተወስዶ ጠላቂ ዋናተኞች ሲጠሩ ዳር የቆመው ሕዝብ የሚፈራው ጥልቀቱን ነው። ከይፋግና ከወረታ በስተምዕራብ የተዘረጋው ጣና ግን እጅግ ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ታዲያ የአየር ሲሊንደር ለተሸከመ ጠላቂ ይህ ምን ያስፈራል? ያስፈራል፤ ትልቁ አደጋ ያለው ሲወጣ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 1 አትሞስፌር ነው። ውሃ ውስጥ በየ10 ሜትሩ ሌላ 1 አትሞስፌር ገደማ ይጨመራል። ጠላቂው ከሲሊንደሩ የሚስበው አየርም በዙሪያው ባለው ግፊት ልክ የታመቀ ነው። ከባሕር 10 ሜትር ትንፋሹን ይዞ ቢወጣ ያ አየር ሁለት እጥፍ ልሁን ይላል፤ ሳንባን ሊቀድና አረፋ ወደ ደም ሊያስገባ ይችላል።

ሁለተኛው ጣጣ ናይትሮጂን ነው። ግፊት ሲበዛ በደምና በስብ ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብለው ሲወጡ በትንፋሽ ይወገዳል፤ ተጣድፈው ሲወጡ ግን ክዳኑ እንደተከፈተ የአምቦ ውሃ አረፋ ይሠራል። መገጣጠሚያን ያሳምማል፤ ሲብስም ሽባ ያደርጋል፣ ይገድላል።

ጣና ላይ ሒሳቡ ይከፋል። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ በላዩ ያለው ግፊት 0.8 አትሞስፌር ያህል ብቻ ነው። 10 ሜትር ላይ 1.8 ይሆናል። ከዚያ የሚወጣ ጠላቂ በሳንባው የያዘው አየር የሚሰፋው 2.25 እጥፍ ነው፤ ባሕር ውስጥ ከ12.5 ሜትር እንደ መውጣት ማለት ነው። ስለዚህ ለባሕር የተዘጋጀ የመጥለቂያ ሰንጠረዥ ሳይስተካከል እዚህ አይሠራም።

ከውሃው በመውጣትም አያበቃም። ከፎገራ ሜዳ ወዲያው በመኪና ወደ ደብረ ታቦር ሽቅብ 900 ሜትር ያህል መውጣት ግፊቱን ዳግም ይቀንሳል። ከባሕር ዳር አውሮፕላን መሳፈርም እንዲሁ ነው፤ ከበረራ በፊት አንድ ጊዜ የጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ይህ ግዴታ ወደ ጠላቂው ሲመጣ ከፍታን ያገናዘበ ሰንጠረዥ፣ ጀልባው ላይ ኦክስጂን፣ ከሥራ በኋላ በቂ ዕረፍት ማለት ነው። ዳር የምንቆመውም «ቶሎ በሉ» ማለቱን እንተው። አስከሬን ፍለጋ ሌላ አስከሬን መጨመር የለበትም።