የታተመበት ቋንቋ የካርድን ዋጋ እንዴት ይለውጣል

ለጨዋታና ለስብስብ በሚታተሙ ካርዶች ገበያ፣ ሥዕሉም ሆነ የጨዋታ ሕጉ ፍጹም አንድ የሆነ ካርድ የታተመበት ቋንቋ ስለተለየ ብቻ ዋጋው በብዙ እጥፍ ሊራራቅ ይችላል። ከዚህ ተነሥቶ እንግሊዝኛው ውድ፣ ሌላው ርካሽ ነው ብሎ መደምደም ግን ያሳስታል፤ ልምድ ያለው ሰብሳቢ ቋንቋውን የሚመለከተው ካርዱ የት፣ መቼና ምን ያህል እንደታተመ፣ ማንስ ሊጫወትበት እንደሚችል የሚጠቁም ምልክት አድርጎ በመሆኑ፣ አንዱ ቋንቋ በአንድ እትም ዋጋ ሲያስወድድ በሌላው ሊያረክስ ይችላል።

ይህን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» የተሰኘው ጨዋታ ነው። አሜሪካዊው የሒሳብ ምሁር ሪቻርድ ጋርፊልድ የፈለሰፈውና ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ለገበያ ያቀረበው ይህ ጨዋታ በመጀመሪያዎቹ ሁለት የእንግሊዝኛ እትሞች ካርዶቹ ጥቁር ጠርዝ ነበራቸው፤ ካርዶቹ ዳግም ሲታተሙ ግን አዲሱ ከቀድሞው እንዲለይ ጠርዙ ነጭ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1994 «ሪቫይዝድ» የሚባለው የእንግሊዝኛ እትም በነጭ ጠርዝ ሲወጣ፣ የጣሊያንኛ፣ የፈረንሳይኛና የጀርመንኛ ቅጂዎቹ በየቋንቋቸው የመጀመሪያ በመሆናቸው በጥቁር ጠርዝ ታተሙ። ጥቁሩ ጠርዝ በሰብሳቢዎች ዘንድ የቀዳሚነት ማኅተም ስለሆነ፣ ሁለት ዓይነት የጨዋታ ኃይል የሚያስገኙት የዚህ እትም የመሬት ካርዶች በእነዚህ ቋንቋዎች ባለ ጥቁር ጠርዝ ሆነው ሲገኙ ከእንግሊዝኛው ሪቫይዝድ በላይ ይሸጣሉ፤ በዚያው ቋንቋ ቆይቶ የወጣው ባለ ነጭ ጠርዝ ቅጂ ግን ይህን ክብር አያገኝም።

ተቃራኒውን የሚያሳየውም ያው ጣሊያንኛ ነው። «ሌጀንድስ» የተባለው እትም እ.ኤ.አ. በ1994 በእንግሊዝኛ ወጥቶ ከየመደብሩ ቶሎ ሲያልቅ፣ ተከትሎ የመጣው የጣሊያንኛ ቅጂ በብዛት በመታተሙ፣ እንደ «ማና ድሬን» ያለ ተፈላጊ ካርድ የሁለቱም ጠርዝ ጥቁር ሆኖ ሳለ በጣሊያንኛ ሲሆን ከእንግሊዝኛው ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ይህ ቅናሽ ለተጫዋቹ ሲሳይ ነው፤ በማጂክ ውድድር በየትኛውም ቋንቋ የታተመ እውነተኛ ካርድ ይፈቀዳልና፣ ክርክር ሲነሣም ዳኛው የሚመራው ኩባንያው «ኦራክል» በሚል ስም በሚያቆየው ይፋዊ ጽሑፍ ነው። የሩሲያኛ ካርዶችን ያስወደደውም ይኸው ፈቃድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 መታተም የጀመሩት እነዚህ ካርዶች ለትንሽ ገበያ የተዘጋጁ ስለነበሩና በተለይ የሚያብረቀርቀው ዓይነት እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ሩሲያኛ የማያነብ ተጫዋች እንኳ የካርዱን ሥራ በቃሉ ስለሚያውቀው ለብርቅነቱ ከፍ ያለ ዋጋ ይከፍላል፤ ተጋጣሚውን ግራ ማጋባቱም ከደስታው ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም።

«ዩ-ጊ-ኦ» በተባለው ጨዋታ ሁኔታው ሌላ ነው። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ በሚካሄዱ ይፋዊ ውድድሮች የጃፓንኛ ካርድ ስለማይፈቀድ፣ በዚያ ያለው የጃፓንኛ ካርድ ፈላጊ ሰብሳቢው ብቻ ይሆናል፤ የተጫዋቹ ፍላጎት ሲጎድል ደግሞ የብዙ ካርዶች ዋጋ ይወርዳል።

ቀዳሚነት ብቻውን ዋጋ እንደማይወስን የሚያስተምረው ፖኬሞን ነው። የፖኬሞን ካርድ በጃፓን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን እንግሊዝኛው እስከ 1999 ድረስ አልደረሰም፤ ሆኖም በእንግሊዝኛ የመጀመሪያ እትም የታተመው «ቻሪዛርድ» የተባለው የዘንዶ ካርድ ከተለመደው የጃፓንኛ አቻው እጅግ ይልቃል። በልጅነታቸው ያጡትን ካርድ ጎልምሰው ገንዘብ ሲይዙ የሚፈልጉ አሜሪካውያን ብዙ ናቸው፣ የሚፈልጉትም ያኔ በእጃቸው የነበረውን ቋንቋ ነው። የጃፓንኛው ካርድ ይህን የሚገዳደረው የብርቅነት ምልክት ሳይታተምበት የወጣው የመጀመሪያው ኅትመት ሲሆን፣ ወይም ጨርሶ በሌላ ቋንቋ ያልታተመ ሲሆን ነው። በጃፓን የሥዕል ውድድር ለአሸናፊዎች የተሰጠው «ፒካቹ ኢለስትሬተር» የዚህ ዋነኛ ምሳሌ ነው፤ ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2021 በ5.275 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል።

ከጨዋታ ካርዶች ውጭም ተመሳሳይ ነገር አለ። የበረዶ ሆኪ ተጫዋቹ ዌይን ግሬትዝኪ እ.ኤ.አ. የ1979–80 የጀማሪነት ካርድ በአሜሪካው ቶፕስና በካናዳው ኦ-ፒ-ቺ በአንድ ፎቶግራፍ ታትሟል። የቶፕሱ ጀርባ እንግሊዝኛ ብቻ ሲሆን የኦ-ፒ-ቺው ፈረንሳይኛ ይጨምራል። ሰብሳቢዎች ለካናዳው አብልጠው ይከፍላሉ፤ ፈረንሳይኛው ካርዱ ግሬትዝኪ በተወለደበት አገር መታተሙን ስለሚያረጋግጥላቸውና የካናዳው ፋብሪካ ካርዶቹን ይቆርጥ የነበረው በሽቦ በመሆኑ ጠርዙ ያልሻከረ ቅጂ ብርቅ ስለሆነ። የካርዶችን ይዞታ መርምሮ ከ1 እስከ 10 ደረጃ የሚሰጠው ፒ.ኤስ.ኤ. 10 ከሰጣቸው እጅግ ጥቂት የኦ-ፒ-ቺ ቅጂዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2021 በ3.75 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል።