ተምችን በኒም ፍሬ

የኒም ዛፍ መነሻው ደቡብ እስያ ሲሆን፣ በድሬዳዋና በሌሎች ቆላማ አካባቢዎች ለጥላ ይተከላል። ጀርመናዊው የነፍሳት ተመራማሪ ሃይንሪክ ሽሙተረር እ.ኤ.አ. በ1959 ሱዳን ውስጥ የአንበጣ መንጋ አካባቢውን ሲግጥ የኒም ዛፎችን ግን እንዳልነካ አስተዋለ። ለዚህ ምክንያት የሆነው ዋናው ንጥረ ነገር፣ አዛዲራክቲን፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ከፍሬው ተለይቶ ወጣ።

አዛዲራክቲን እንደ ፋብሪካ መርዝ በቅጽበት አይገድልም። አባጨጓሬውን ከቅጠሉ ያርቀዋል፤ ከበላም ቆዳውን እንዲቀይር የሚያዘውን ሆርሞን ያዛባበታል። ነፍሳት ቆዳ ሳይቀይሩ ማደግ ስለማይችሉ ከቀናት በኋላ ይሞታል። ከርጭቱ በማግስቱ ትሉን በሕይወት ያየ ገበሬ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ተስፋ መቁረጥ የለበትም።

በ2009 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች በበቆሎው እምብርት ውስጥ ተደብቆ ይበላል። ብዙውን ጊዜ ስድስት የዕድገት ደረጃዎች አሉት፤ ከሚበላው ቅጠል አብዛኛውን የሚያጠፋው በመጨረሻዎቹ ሁለቱ ነው። ስለዚህ ኒም የሚያዋጣው ትሉ ገና ትንሽ ሳለ፣ ማሳው በየጊዜው ሲፈተሽ ነው። ከወፈረ በኋላ የሚደረግ ርጭት ድካም ብቻ ነው።

አዘገጃጀቱ ቀላል ነው። በጥላ ሥር የደረቀ ፍሬ ይፈለፈልና አስኳሉ ይወቀጣል፤ ግማሽ ኪሎው በ10 ሊትር ውኃ ተዘፍዝፎ ያድራል። ከዚያ በጨርቅ ይጠለላል፤ ቅጠሉ ላይ እንዲጣበቅ ጥቂት ሳሙና ይጨመርበታል። የፀሐይ ብርሃን አዛዲራክቲንን በፍጥነት ስለሚያፈርሰው ርጭቱ ወደ ማታ፣ በቀጥታ ወደ በቆሎው እምብርት ቢሆን ይመረጣል። ዝናብም ስለሚያጥበው ከቀናት በኋላ መደገም ይኖርበታል። ውሕዱ ቶሎ ኃይሉን ስለሚያጣ አዘጋጅቶ ማቆየት አያዋጣም።

የኢትዮጵያ የራሷ ዛፍ የሆነው ብርብራም ነፍሳትን የሚገድል ሮተኖን የተባለ ንጥረ ነገር በፍሬው ይዟል። ይሁን እንጂ የሚጎዳው ነፍሳትን ብቻ አይደለም፤ ዓሣ አጥማጆች የፍሬውን ዱቄት ውኃ ላይ የሚበትኑት ዓሣን ስለሚያደነዝዝ ነው። የትምባሆ ቅጠል ውኃም ትል ይገድላል፤ ኒኮቲኑ ግን በቆዳ ገብቶ ሰውን ይመርዛል። ከተክል የመጣ ሁሉ ጉዳት የለውም የሚለው እምነት አደገኛ ነው። ማንኛውንም ጭማቂ የሚረጭ ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፣ ጓንት ያድርግ፤ የተረፈውንም ወንዝና ምንጭ አጠገብ አይድፋ።