ታላቅ ሰው በገላው ይታወቃል?

«አፄ ዮሐንስን መተማ ላይ የገደላቸው ማህዲው ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። የሱዳኑ ማህዲ መሐመድ አሕመድ ግን የሞተው ሰኔ 1877 ዓ.ም ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የወደቁት መጋቢት 1881 ዓ.ም ሲሆን፣ ያኔ ኦምዱርማን ተቀምጦ የሚያዘው ተተኪው ኸሊፋ አብዱላሂ፣ መተማ ላይ ጦሩን የመራው ደግሞ ዘኪ ቱማል ነበር።

ይህን ማረም ቀላል ነው። ሥር የሰደደው ስህተት ታላቅ ሰው ከገላው ምልክት ይታወቃል የሚለው ነው። መሐመድ አሕመድ ፍንጭት ነበር፤ ቀኝ ጉንጩ ላይም ጥቁር ነጥብ ነበረው። እኛ ብንሆን «ማርያም ስማዋለች» ብለን እናልፈው ነበር። ለተከታዮቹ ግን የተጠበቀው መሪ ምልክት ሆነ፤ ራሱም የጉንጩን ነጥብ በጽሑፉ ከማስረጃዎቹ ቆጥሮታል። የካርቱም ዑለማ አልተቀበሉትም። በእኔ እምነት ሕዝቡን ያስከተለው ነጥቡ አይደለም፤ የግብፅ አስተዳደር ግብርና ጅራፍ ያስመረረው ሰው፣ ጥቅምት 1876 ዓ.ም ሸይካን ላይ ይኸው አስተዳደር የላከው የሂክስ ፓሻ ጦር ሲደመሰስ አይቶ ነው የጎረፈለት።

የመተማ ጎረቤት የቋራው ካሳ ኃይሉም በገላ ምልክት አልነገሠም። የሚጠበቀው ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ነበር። ካሳ መጀመሪያ ተቀናቃኞቹን አሸነፈ፤ ስሙን የወሰደው የካቲት 1847 ዓ.ም ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሥ ነው።

ሩቅ ምሥራቅም ይኸው እምነት አለ። ቡድሃ 32 ምልክቶች ስለነበሩት ያየው ሁሉ ያውቀው ነበር ይባላል። ዝርዝሩ በእርግጥ በቡድሃ እምነት መጻሕፍት አለ፤ ውስጥ እግሩ ላይ የመንኰራኵር ምስል፣ ሳያጎነብስ ጉልበቱን የሚነኩ እጆች፣ 40 ጥርሶች። ግን የእሱ ብቻ አይደሉም፤ ዓለምን በጽድቅ የሚገዛ ንጉሥም አሉት፣ የሚገኙትም ባለፉ ሕይወቶች በተሠራ በጎ ሥራ ነው ይላሉ። እነዚያው መጻሕፍት ፑኩሳቲ የተባለ መናኝ ከቡድሃ ጋር በአንድ ሸክላ ሠሪ ቤት ሲያድር ማንነቱን እንዳላወቀ ይተርካሉ። መምህሬ የሚለው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ሳለ «አይቼው አላውቅም፤ ባየውም አልለየውም» አለ። ያወቀው ትምህርቱን ሲሰማ ነው፤ እንደ እኩያው «ወዳጄ» ብሎ ስለጠራው ይቅርታ የጠየቀውም ከዚያ በኋላ ነው።