ጓደኝነት ስንት ሰዓት ይፈጃል?

«ኮሮና የልጃገረዶችን አእምሮ በአራት ዓመት አስረጀ» የሚለው ወሬ ዛሬም አልሞተም። እናቶች ይደነግጡበታል፤ «ለካ ልጄ ሰው የምትሸሸው ለዚህ ነው» ይባልበታል። ቶሎ እንጨርሰውና ወደ ቁም ነገሩ እንግባ።

የወሬው ምንጭ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው። ኔቫ ኮሪጋን፣ ፓትሪሻ ኩልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 17 የሆኑ 160 ልጆችን በኤምአርአይ አነሷቸው። ከትምህርት ቤቶች መዘጋት በኋላ ደግመው ሲያነሷቸው የአንጎላቸው የላይኛው ሽፋን ከተጠበቀው ቀድሞ ሳስቶ ተገኘ፤ በሴቶቹ በአማካይ በ4.2 ዓመት፣ በወንዶቹ በ1.4 ዓመት። ይህ ሽፋን በጉርምስና ዘመን መሳሳቱ የማንኛውም ልጅ ዕድገት ነው፤ ከመጃጀት ጋር ምንም አያገናኘው። ተጠኚዎቹም ቤት ተዘግቶባቸው በኮምፒውተር የተማሩ የሲያትል ልጆች ናቸው። ምክንያቱ ከጓደኛ መነጠል ሳይሆን አይቀርም ማለታቸውም የተመራማሪዎቹ ግምት ነው። በዚህ ላይ ተመሥርቶ ስለ ቤኒሻንጉል ጉሙዟ አሶሳ ልጅ መፍረድ ድፍረት ነው።

አሶሳ የሆነው ሌላ ነው። የመጀመሪያው ታማሚ አዲስ አበባ ላይ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነበር፤ መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ። አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ እንጂ እንደ አውሮፓ «ከደጅ አትውጡ» አላለም። ልጆች ውሃ ቀዱ፣ ገበያ ወረዱ፣ ማንጎ ሥር ተቀመጡ። ከሕይወታቸው ተነጥሎ የወጣው አንድ ነገር ነው፤ ትምህርት ቤት። እሱም እስከ ጥቅምት 2013፣ ሰባት ወር። «ወደ ስልክ ገቡ» የሚለውም ከውጭ የመጣ ተረት ነው። ስልክ ያለው ታዳጊ ስንቱ ነው? ያለውም ቢሆን ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶበታል።

እንግዲህ ሰባት ወር ትምህርት ቤት መጥፋቱ ጓደኝነትን ምን ያደርገዋል? መልሱ ያለው በሰዓት ቆጠራ ውስጥ ነው፤ እኔም ከጓደኝነት ጥናት ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል አዲስ አካባቢ የገቡ አዋቂዎችንና የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ጠይቆ ሰዓት ደመረ። ከመተዋወቅ ወደ ተራ ጓደኝነት ለመሻገር 50 ሰዓት ገደማ፣ ጓደኛ ለመባል 90፣ የልብ ጓደኛ ለመሆን ከ200 በላይ አብሮ ማሳለፍ ይጠይቃል። ቁጥሩን ወደ ክፍል አምጡት። በአንድ ዴስክ የሚቀመጡ ሁለት ልጆች በቀን አራትና አምስት ሰዓት ጎን ለጎን ናቸው። ያ ሁሉ ሰዓት ጨዋታ አይደለም፤ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ የሚሾኮሾከው፣ የእረፍት ደወል ሲደወል አብሮ የሚሮጠው ግን ሳይታወቅ ይጠራቀማል። ማንም «ዛሬ ጓደኛ ላፍራ» ብሎ አይነሳም። ሰዓቱን በነፃ የሚያድለው ክፍሉ ነው።

የተጠራቀመው ደግሞ ይፈሳል። ሳም ሮበርትስና ሮቢን ደንባር ትምህርት የጨረሱ 30 የእንግሊዝ ተማሪዎችን ለ18 ወራት ተከታተሉ። የዘመድ ቅርበት እምብዛም ሳይቀንስ የጓደኛው በወራት ውስጥ ቀዘቀዘ። ሴቶቹን ከመቀዝቀዝ ያዳናቸው ወሬ ነው፤ ወንዶቹን ግን አብሮ መሥራትና መጫወት። እንግዲህ ወደ እኛ እንመልሰው። ወንዶቹ ክልከላው ሳያግዳቸው ኳሳቸውን ይዘው ሜዳ መውረድ ይችሉ ነበር። ሴቶቹስ? በአማራ፣ በኦሮሚያና በአፋር ታዳጊዎችን የሚከታተለው ጌጅ የተባለው ጥናት በዚያው ዓመት በስልክ ሲጠይቅ ልጃገረዶች በቤት ውስጥ ሥራ ይበልጥ መጠመዳቸውን ነግሮናል። ወሬ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜያቸውን እንስራና ምጣድ ወሰደው።

በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ 2012፣ ጉባ ላይ የሕዳሴው ግድብ የመጀመሪያ ሙሌቱን ይዞ ነበርና ምሳሌዬን ከዚያው ልዋስ። ሐይቅ በየቀኑ ለፀሐይ ይገብራል፤ ገባር ካልመጣለት ይቀንሳል። ሲቀንስ ግን ሁሉም ቦታ እኩል አይደርቅም። ገደሉ ውስጥ ያለው ጥልቅ ውሃ ይቆያል፤ ሜዳው ላይ በስሱ የተኛው ዳርቻ ቀድሞ መሬት ይሆናል። የሰባት ወሩም መዘጋት የልብ ጓደኛን አላደረቀም ባይ ነኝ፤ እሱ ብዙውን ጊዜ የጎረቤት ልጅ ነው፣ በውሃ መንገድ ይገናኙታል። የደረቀው ዳርቻው ነው።

በአሶሳ ዳርቻው ማን ነው? ከመንጌ ወይም ከሆሞሻ ስንቁን ተሸክሞ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማረው፤ በርትኛ አፉን የፈታው ከኦሮምኛ ተናጋሪው አጠገብ፤ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች የልጅ ልጅ ከጉሙዙ ልጅ አጠገብ። ሰፈሩም፣ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑም በአመዛኙ ተመሳሳዮችን ይሰበስባሉ። የማይመሳሰሉትን በየቀኑ ለሰዓታት አንድ ጣሪያ ሥር የሚያስቀምጥ ትምህርት ቤት ነው። ተከራዩ ልጅ መጋቢት ላይ ፍራሹን ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ የተቋረጠው ከማይመስለው ልጅ ጋር የነበረው ሰላምታ ነው። ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳሳየው ደግሞ አዲስ ወሬ፣ የሥራ ጥቆማ ጭምር፣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከልብ ወዳጅ ይልቅ ከእንዲህ ዓይነት ላላ ያለ ትውውቅ ነው። የልብ ወዳጅህ የሚያውቀውን አንተም ታውቀዋለህና።

እዚህ ላይ የሙያ ባልደረቦቼ ሊያስቆሙኝ ይችላሉ፤ ልክ ናቸው። ሠላሳ ተማሪ ጥቂት ነው፤ እንግሊዛውያን መሆናቸውም ሌላ ነገር ነው። የሆል ሰዓቶች ሰዎች አስታውሰው የተናገሯቸው ናቸው፤ አንድ ሰዓት አብሮ ማልቀስ ከሃያ ሰዓት አብሮ መቀመጥ ሊበልጥ ይችላል። ስለ አሶሳ ያልኩትም ከአሠራሩ ተነስቼ የደረስኩበት ግምት እንጂ የተለካ ውጤት አይደለም።

በዚሁ ክልል ከሁሉ የሚከብደው ግን የመተከል ዞን ነው። በ2013 በዞኑ በደረሰው ግድያ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ተፈናቅሏል፤ ከቡለንና ከድባጤ ሸሽቶ ቻግኒ ራንች መጠለያ የገባ ልጅ አለ። የእሱን ጓደኛ ማጣት በወረርሽኝ ሒሳብ መጻፍ ነውር ነው። ስለዚህ ስለ ክልሉ «ከኮሮና በፊትና በኋላ» የሚል ንጽጽር ያመጣ ሁሉ መጀመሪያ አሶሳ ዞንን ከመተከል ይለይ።

ሌላም የተዘነጋ ነገር አለ። ጥቅምት 2013 ትምህርት ሲከፈት ተማሪው ለርቀት ሲባል በፈረቃ ተከፈለ። አንዱ ቡድን ሲገባ ሌላው ቤት ይውላል። ሰባት ወር የተለያዩ ልጆች በአንድ ግቢ እየተማሩ ላይተያዩ ይችላሉ ማለት ነው፤ የልብ ጓደኛሞች ከሰዓት በኋላ ይፈላለጋሉ፣ ሰላምታ ብቻ የነበራቸው ግን ምን ብለው ይፈላለጋሉ? ኮሮና የአሶሳን ታዳጊዎች ጓደኝነት ምን እንዳደረገው ማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ ኤምአርአይ አያስፈልገውም። የዚያን ዓመት የፈረቃ ዝርዝር ከየትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ያውጣ፤ ከዚያ ዛሬ ሃያ ዓመት ያለፋቸውን ልጆች ፈልጎ፣ በሌላው ፈረቃ ከነበሩት ውስጥ ዛሬ የስንቱን ስልክ ቁጥር እንደያዙ ይጠይቃቸው።