የትኛውን የአየር ግፊት?

ረጅም ርቀት የሚተኩስ ስፖርተኛ ዛሬ ከጠመንጃው ጋር ባሊስቲክ ካልኩሌተር የሚባል ሶፍትዌር ይዞ ይወጣል። ሶፍትዌሩ ስልክ ላይ ይጫናል፤ እንደ ኬስትረል ባሉ በእጅ በሚያዙ የነፋስ መለኪያዎች ውስጥም ተገጥሞ ይሸጣል። የጥይቱን ቅርጽና ክብደት፣ ከአፈሙዝ የሚወጣበትን ፍጥነትና የዒላማውን ርቀት ሲነግሩት የማነጣጠሪያ መነጽሩ ምን ያህል ከፍ መደረግ እንዳለበት ያሰላል። ተኳሹ ለእነዚህ ቁጥሮች ብዙ ይጨነቃል፤ ፍጥነቱን በመሣሪያ ይለካል፣ ርቀቱንም በሌዘር ያረጋግጣል። ሙቀት፣ ግፊት፣ ከፍታና እርጥበት የሚሉት ሣጥኖች ጋ ሲደርስ ግን የስልኩን የአየር ትንበያ ከፍቶ ያየውን ይገለብጣል። ከአራቱ አንዱ፣ ማለትም ግፊቱ፣ በዚህ መንገድ ሲሞላ የቀረውን ጥንቃቄ ሁሉ ገደል ሊሰደው ይችላል።

ሶፍትዌሩ በአራቱ ሣጥኖች የሚጠይቀው በመሠረቱ አንድ ነገር ነው፤ ጥይቱ የሚሰነጥቀው አየር ምን ያህል የታመቀ ነው? ጋሊልዮ በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ የተወረወረ ነገር ፓራቦላ ሠርቶ እንደሚወድቅ ሲያስረዳ አየሩን ከስሌቱ አውጥቶ ነበር። እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ በ1742 የጥይትን ፍጥነት በፔንዱለም መለካት እንደሚቻል ሲያሳይ ግን አየር ፈጣን ጥይትን የሚይዝበት ጉልበት እስከዚያ ከተገመተው እጅግ የላቀ መሆኑ ታወቀ። ይህ ጉልበት ከአየሩ እፍጋት ጋር አብሮ ይጨምራል፣ አብሮም ይቀንሳል። በዓለም አቀፉ ስታንዳርድ መሠረት በባሕር ጠለል፣ በ15 ዲግሪ ሴልሺየስና በ1013.25 ሄክቶፓስካል ግፊት አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎግራም ይመዝናል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር እፍጋቱ ከ3 ከመቶ በላይ ይቀንሳል። ብዙ ሰው የሚፈራው እርጥበት ግን እምብዛም አያሳስብም፤ በ30 ዲግሪ ሙቀት ፍጹም ደረቅ አየርና ውኃ የጠገበ አየር በእፍጋት የሚለያዩት ከ2 ከመቶ ባነሰ ነው። ያውም ቀለል የሚለው እርጥቡ ነው፤ የውኃ ሞለኪውል ከናይትሮጅንም ከኦክስጅንም ይቀላልና።

ግፊት ላይ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ሜትሮሎጂ ጣቢያዎች የለኩትን ግፊት እንዳለ አያሰራጩም፤ ደገኛውን ጣቢያ ከቆላው ጋር ለማነጻጸር እንዲመች ሁሉንም በባሕር ጠለል ላይ ያሉ አስመስለው ያስተካክሉታል። ለዚህ ነው አዲስ አበባ ላይ ስልክ ከ1010 ሄክቶፓስካል በላይ ሲያሳይ ከተማዋ ውስጥ ያለው እውነተኛ ግፊት የዚያን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ የሚሆነው። ቦሌ ላይ አውሮፕላን የሚያነሣ አብራሪ ይህን ቀጭን አየር ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን የሚያደርገው በረራ ለዓመታት መንገድ ላይ ነዳጅ እየቀዳ ሲሄድ መልሱ በቀጥታ የሚመጣበት አንዱ ምክንያት እርሱ ነው።

ወደ ተኩስ ሜዳ እንመለስ። በኦሃዮ ኢሪ ሐይቅ ዳር ያለው ካምፕ ፔሪ ከ1907 ጀምሮ የአሜሪካ ብሔራዊ የተኩስ ውድድሮች የሚካሄዱበት ዝቅተኛ ቦታ ነው። በኒው ሜክሲኮ ራቶን አጠገብ ያለው የዊቲንግተን ማዕከል ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ እዚያ ግፊቱ 795 ሄክቶፓስካል አካባቢ ነው። ተኳሹ ራቶን ላይ ሆኖ ትንበያው ያሳየውን 1013 ገልብጦ፣ ሶፍትዌሩም ቁጥሩን የቦታው ግፊት አድርጎ ከወሰደው፣ በስሌቱ ውስጥ ያለው አየር ከእውነተኛው በ27 ከመቶ ይወፍራል። በ1000 ያርድ ርቀት ለተለመደው ባለ 308 ካሊበር ጥይት ይህ ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ላይ መሳት ነው። ተቃራኒውም ስህተት አለ፤ 795ን በትክክል ለክቶ አስገብቶ ከፍታውንም 2,000 ብሎ ሲጨምር፣ ሶፍትዌሩ ግፊቱን ለባሕር ጠለል የተስተካከለ መስሎት እንደገና ቀንሶ ወደ 620 ያወርደዋል። ስለዚህ አስተማማኙ መንገድ በቆሙበት ቦታ የተለካውን ግፊት ማስገባትና ሶፍትዌሩ ላይ ግፊቱ ያልተስተካከለ መሆኑን መምረጥ ነው፤ እንዲህ ያለ ምርጫ ከሌለው ከፍታውን ዜሮ ማድረግ። መለኪያ የሌለው ሰው የተስተካከለውን ግፊት ከትክክለኛው ከፍታ ጋር ቢያስገባ ይሠራል፤ ግን ከፍታው የራሱ የመተኮሻው እንጂ የጣቢያው መሆን የለበትም። በየ100 ሜትሩ ልዩነት 1 ከመቶ ያህል ይሳሳታል።

«ታዲያ ምን ችግር አለው፣ ሁለት ሦስት የሙከራ ጥይት ተኩሶ ማስተካከል ነው» የሚል ይኖራል። የሙከራ ጥይት በሚፈቀድበት ውድድር ለዚያ ቀን እውነቱን ነው። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጥይቶቹ ከተሰላው በላይ ሲያርፉ ተኳሹ የሚጠረጥረው ግፊቱን ሳይሆን ፍጥነቱን ነውና ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለውን የአፈሙዝ ፍጥነት ከፍ ያደርጋል። ቁጥሩ በዚያ ርቀት ይገጥምለታል። በሚቀጥለው ወር ካምፕ ፔሪ ሄዶ ግፊቱን በአጋጣሚ ልክ ሲያስገባ ግን ያ የተጋነነ ፍጥነት አብሮት ይጓዛል፤ ጥይቱም ከዒላማው በታች ይወድቃል። አሁን ጥይቱን፣ መነጽሩን፣ ጠመንጃውን መክሰስ ይጀምራል። በርካሽ መሣሪያ በደቂቃ የሚለካ ነገር ላይ የተሠራ ስህተት ለመለካት አስቸጋሪ በሆነው ውስጥ ሲደበቅ ማውጣቱ ከባድ ነው።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ የነፋስ ነው። ነፋስን በሜዳው ሁሉ የሚለካ ሰው የለም፣ ሶፍትዌሩም አያውቀውም፤ ታዲያ በግምት ለሚሠራ ነገር የግፊት ትክክለኛነት ምን ይፈይዳል? አንደኛ ነገር፣ የጎን ነፋስ በዋናነት ጥይቱን ወደ ጎን ሲወስደው እፍጋቱ የሚያዛባው ቁመቱን ነው፤ የአንዱ ግምት መሆን ለሌላው ምክንያት አይሆንም። ሁለተኛው ደግሞ ይበልጣል። ፈረንሳዊው ኢዚዶር ዲዲዮን በ19ኛው መቶ ዘመን ባቀረበው ቀመር መሠረት ነፋስ ጥይትን የሚያንሸራትተው ጥይቱ አየር በሌለበት ሊወስድበት ይችል ከነበረው ጊዜ በላይ በዘገየ ልክ ነው። የሚያዘገየው አየሩ ነው፤ እፍጋቱን የሳተ ሶፍትዌር፣ የነፋሱን ፍጥነት በትክክል ቢነግሩት እንኳ፣ የጎኑንም እርማት ይስታል።

ይህ ሁሉ ግን ለረጅም ርቀት ነው። እስከ 300 ሜትር ለሚተኩስ ሰው ያው የ27 ከመቶ ስህተት ዒላማው ላይ የሚያመጣው ልዩነት ጥቂት ሳንቲሜትር ስለሆነ፣ ሣጥኖቹን ሶፍትዌሩ ሲጫን በነበሩበት ቢተዋቸው ብዙም አይጎዳም።