ቤቱን ሳትስሉ መሬቱን አትቁረጡ!

“የአባቴን ቦታ ልንካፈል ነው” የሚል ወጣት ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ካሬውን አይደለም። “ወርዱ ስንት ነው?” እላለሁ። ብዙው ግራ ይጋባል። ስለ ካሬ እንጂ ስለ ወርድ ማን ያስባል? ጠቡ የሚነሣው ግን ከወርዱ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ደቡብ ኦሞ፣ ጂንካ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጂንካ ለብዙ ዘመን የአውሮፕላን ማረፊያዋን መሐሏ ላይ ይዛ የኖረች ከተማ ናት። ያን ሜዳ ያየ እንግዳ “እዚህ አገር የቦታ ጠብ የለም” ቢል አይፈረድበትም። ጉዱ ያለው ግቢ ውስጥ ነው።

ወንድምና እኅት ናቸው፤ ስማቸው ይቆየን። አባት ሲሞቱ ወርዱ 10 ሜትር፣ ቁመቱ 25 ሜትር የሆነ ቦታ ቀረ። ልጆቹ ሲባጎ ገዝተው ለሁለት ሊከፍሉት ተነሡ። ሲባጎው በእናታቸው መኝታ ቤት መሐል አለፈ! እናት በራፉ ላይ ቆመው “እኔስ ለማን ደረስኩ?” አሏቸው። ልጆቹ መልስ አልነበራቸውም።

መልሱ ሕጉ ላይ አለ። ቤቱ ባልና ሚስት አብረው ያፈሩት ከሆነ ግማሹ የእናት ነው። ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል የሚካፈሉት የአባትን ግማሽ ብቻ ነው። ስለዚህ “ለሁለት” የሚለው ሒሳብ ከመነሻው ልክ አልነበረም።

ሌላም አለ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የእኛ የሚሆነው ቤቱና በቦታው የመጠቀም መብታችን ነው። እና ሽማግሌ ስላስማማን፣ ችካል ስለተከልን ብቻ አንድ ካርታ ሁለት አይሆንም። ማዘጋጃ ቤቱ መፍቀድ፣ ቀያሽም መለካት አለበት። ቁራሹ ከተማው ከፈቀደው ዝቅተኛ ስፋት ካነሰ ደግሞ ነገሩ እዚያው ያከትማል።

እሺ፣ ተፈቀደ እንበል። አሁን ቤት ይሠራ! እዚህ ላይ ነው ከወሰን መራቅ የሚባለው ነገር የሚመጣው። መንግሥት ሊያስቸግረን ያወጣው የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ኧረ ተው! መስኮት ብርሃን የሚያገኘው በዚያ ክፍተት ነው። የጣራችሁ ውሃ የጎረቤት ግድግዳ ላይ የማይወርደው፣ እሳት ቢነሣ ከቤት ቤት ቶሎ የማይዛመተው በዚያ ነው። ግድግዳ ለመምረግ መሰላል የሚቆመውም እዚያው ነው።

እኔም ወረቀት አውጥቼ ለወንድምና እኅቱ ሒሳቡን ሠራሁላቸው። ልኩን የሚወስነው የከተማው ፕላን ነው፤ ለምሳሌ ያህል ግን ከጎረቤት 2 ሜትር፣ ከመንገድ 3 ሜትር ራቁ ተባልን እንበል።

በቁመቱ ቢሰነጠቅ ለእያንዳንዱ 5 ሜትር ወርድ ይደርሳል። ከግራ 2፣ ከቀኝ 2 ሲቀነስ 1 ሜትር ቀረ። ይሄ ቤት ሳይሆን ኮሪደር ነው!

በወርዱ ቢቆረጥ አንዱ ፊት፣ አንዱ ኋላ ይሆናል። የኋለኛው ግን በአየር አይገባም፤ የ2 ሜትር መግቢያ ይፈልጋል። መግቢያው ከእሱ ድርሻ ተቆጥሮ ስፋታቸው ይመጣጠን ካልን የኋላው ቦታ 10 በ9.4 ይሆናል። ከአራቱም ወገን 2 ሜትር ሲቀነስ ለቤት የሚተርፈው 6 በ5.4፣ ማለትም 32 ካሬ ገደማ ነው።

ሳይቆረጥስ? ከሁለቱ ጎን 2 ሜትር፣ ከፊት 3፣ ከኋላ 2 ሲቀነስ 6 በ20 ይተርፋል። መሐሉ ላይ አንድ የጋራ ግድግዳ ብታቆሙ ለእያንዳንዱ እስከ 60 ካሬ የሚደርስ ቤት ይወጣል፤ ግቢ ከፈለጋችሁም ከዚያ ትቀንሳላችሁ። ከ32ቱ ጋር አስተያዩት። ምሥጢሩ ይኸው ነው፦ ድንበር ራሱ ቦታ ይበላል። አዲስ መስመር ባሰመራችሁ ቁጥር ከወዲህም ከወዲያም ክፍተት ይጠይቃችኋል።

ልጅቷ ወረቀቱን አይታ “እንግዲያው እማዬም ከቤቷ አትነሣም ማለት ነዋ!” አለች። ወንድምየው ግን ቶሎ አልተዋጠለትም። “ነገ መሸጥ ብፈልግስ?” አለኝ። እውነቱን ነው። አንድ ካርታ ማለት ሲሸጥም፣ ለባንክ መያዣ ሲሆንም የሁሉም ፊርማ ማለት ነው። የነገን ትዳርና ልጆችም አስቡት። ስለዚህ የሁሉም ባለመብት ስም ካርታው ላይ ይግባ። የትኛው ክፍል የማን እንደሆነ፣ መግቢያው፣ ሽንት ቤቱና የጣራው ውሃ መውረጃ በጽሑፍ ይስፈር። አንዱ መውጣት ከፈለገ ሌላው በግምት ገዝቶ ድርሻውን ይክፈለው። ካልሆነም በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ሳይጎዳ ሊከፈል የማይችል ንብረት ተሽጦ ገንዘቡን መካፈል ይቻላል። ከጠብ ይሻላል።

እናንተም እንዲህ ያለ ቦታ ካላችሁ አካሄዱ ቀላል ነው። መጀመሪያ ወራሽነታችሁን በፍርድ ቤት አረጋግጡ። ቀጥሎ ካርታችሁን ይዛችሁ ማዘጋጃ ቤት ሂዱና ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ዝቅተኛው የቦታ ስፋት ስንት ነው? ከወሰንና ከመንገድ ስንት ሜትር እንራቅ? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የፕላን ስምምነት የሚባለውን አሠራር ያመጣውም ለዚሁ ነው፤ ቦታው ላይ ምን መሥራት እንደሚቻል ዲዛይን ከማሠራት በፊት ይነግራችኋል። ከዚያ ቤታችሁን በወረቀት ላይ ሣሉ።

አስር ጊዜ ለኩ፣ አንድ ጊዜ ቁረጡ። ለክታችሁ ለክታችሁ ጭራሽ አለመቁረጡ የሚሻል ከሆነም ሲባጎውን ለልብስ ማስጫ አድርጉት!